በአራራይ የተነፋ ጎማ

መሪጌታ ይትባረክ ማረፋቸው የተነገረኝ መካነ ኢየሱስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የጭነት መኪናዬን የኋላ ጎማ እየነፋሁ ሳለ ነው። የደወለልኝ የወገዳ ሹፌር ነበር። «ምናሴ፣ መሪጌታ ጎሚስታው ዐረፉ። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ የንፋሱን ቱቦ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ወደ ልቤ ስመለስ ጎማው ከልኩ አልፎ ተወጥሮ ኖሯል። እንዲህ አድርጌ ነፍቼ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ቶሎ ብዬ ማስተንፈስ ጀመርኩ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

ለማያውቃቸው ልንገር። መሪጌታ ይትባረክ ወገዳ መግቢያ ላይ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ጎማ የሚጠግኑ፣ ጎማ የሚነፉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎማ የሚመርጡ ሰው ነበሩ። ጎሚስታ በየከተማው ሞልቷል። ለመኪናህ፣ ለመንገድህና ለወገብህ የሚስማማውን ጎማ መርጦ የሚሰጥህ ጎሚስታ ግን ከእሳቸው በቀር አላየሁም። በስማዳ፣ በእስቴና በጋይንት መንገድ የሚሠራ ሹፌር ሁሉ ይህን ይመሰክራል። የማይመሰክር ካለ ወገቡን ታሞ የተኛ ነው።

መልካቸውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከላይ እንደ በረዶ የነጣ ጥምጥም፣ ከታች በግራሶ የጠቆረ ቱታ። «ከአንገት በላይ ቅኔ ማኅሌት፣ ከአንገት በታች ጋራዥ» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። ያንን ጥምጥም ግን አንድም ቀን ዘይት ነክቶት አላየሁም።

«መሪጌታ» የሚለውም የሹፌሮች ቀልድ አልነበረም። ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ተቀምጠው ዜማ የተማሩ፣ ለመሪጌታነት የበቁ ሰው ነበሩ። ከዜማው ጎን ለጎን የከበሮ ሥራ ያውቁ ነበር፤ ቆዳ ይወጥራሉ፣ በጠፍር ይለጉማሉ፣ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። አንድ ክረምት ታዲያ አንዲት የጭነት መኪና ከደብሩ በታች ጎማዋ ተቀዶ ቆመች። ሹፌሩ ጭቃ ላይ ሦስት ቀን ሲንከራተት አይተው ወረዱና፣ የተቀደደውን ጎማ ከውስጥ በከበሮ ቆዳ ደግፈው፣ በጠፍር ሰፍተው አስነሡለት። «መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ልቤም አብሯት ሄደ» ይሉ ነበር። በዓመቱ ትምህርት ቤቱን ትተው ወጡ።

መምህራቸው የኔታ ክንፈ ክፉኛ አዘኑ። «ወንበሬን ይረከባል ያልኩት ልጅ ጎማ ሊነፋ ሄደ» አሉና፣ ከዚያ በኋላ ስሙ ፊታቸው እንዳይነሣ አዘዙ። መሪጌታ ይህን ታሪክ ሲያጫውቱን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር፤ እጃቸው ንጹሕ ሆኖ እንኳ ይጠርጉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመምህራቸው ጋር አልተያዩም።

ዜማውን ግን አልተዉትም። ጎማ ላይ አዋሉት። የዜማው ዓይነት ሦስት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። እሳቸው እነዚህን ሦስቱን ለንፋስ ልክ ስም አድርገው ነበር። ግዕዝ ጠንከር ብሎ የተነፋ፣ ሙሉ ጭነት የሚሸከም ነው። ዕዝል ለግማሽ ጭነት። አራራይ ደግሞ ልስልስ ያለው፣ ለባዶ መኪናና ለክፉ ድንጋይ የሚሆነው ነው። ሹፌር ሁሉ ቋንቋውን ለመደው። «መሪጌታ፣ ገብስ ጭኛለሁ። የኋላውን በግዕዝ፣ የፊቱን በዕዝል ያድርጉልኝ» ስንል መንገድ የሚያልፉ ቄሶች ሰምተው ያማትቡ ነበር። ወሬው ቤተ ልሔም ደርሶ የኔታ ክንፈ፣ «ዜማውን ጎማ ውስጥ ከተተው?» ብለው ያን ቀን ሳያስተምሩ ዋሉ ይባላል።

የንፋስ መለኪያ አላቸው፤ አያምኑትም እንጂ። የሚያምኑት አመድ ነበር። ከጎማው ፊት አመድ ይነሰንሳሉ፤ አንተ መኪናህን ቀስ አድርገህ ታሳልፋለህ፤ እሳቸው በርከክ ብለው አመዱ ላይ የቀረውን ዱካ በስንዝር ይለካሉ። ዱካው አጥሮ መሃሉ ብቻ ከደመቀ ጎማው ከልኩ በላይ ተነፍቷል። ረዝሞ ዳርና ዳሩ ከደመቀ ደግሞ ንፋስ አንሶታል። ሚስታቸው እትዬ ጥሩዬ የምድጃቸውን አመድ በጆንያ እያጠራቀሙ የሚልኩላቸው ለዚህ ነበር።

ጎማ ሊገዛ ለሚመጣ ሰው ሦስት ጥያቄ አላቸው። «ምን ትጭናለህ? በየት ትሄዳለህ?» እነዚህን ማንም ይመልሳል። ሦስተኛው፣ «ባዶህን ስትመለስ ምን ያህል ያንገላታሃል?» የሚል ነበር። መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ሳቅሁ። ስለ ገብሱና ስለ ጨው እንጂ ስለ እኔ ወገብ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ።

«ምን ያስቅሃል? አንተስ ጭነት አይደለህም?» አሉኝ።

ሌላው ሰው ጎማ ሲገዛ የሚያየው ጥርሱን ነው። እሳቸው የሚያዩት ጉንጩን ነበር፤ የጎማውን ጎን ጉንጭ ይሉታል። በአውራ ጣታቸው ተጭነው፣ በመዳፋቸው መተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። ድንጋይ ሲገጥመው ጉንጩ ሸብረክ ብሎ አሳልፎ የሚነሣውን «እሺ ባይ» ይሉታል። ድንጋዩን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ወገብህ የሚልከው «እንቢተኛ» ነው።

እኔና እሳቸው የተጣላነው በዚሁ ነው። እኔ ችኩል ሰው ነኝ፤ ደግሞ ሲያሞግሱኝ አልችልም። ባሕር ዳር አንድ ነጋዴ ጥርሱ እንደ ዶማ የሆነ፣ ጉንጩ እንደ ሰሌዳ የደረቀ ጎማ አሳየኝና፣ «ይሄ ለአንተ ዓይነት ወንድ ሹፌር ነው» አለኝ። ስድስቱንም ገዛሁ። ወገዳ እንደደረስኩ በኩራት የመሪጌታ ደጃፍ ላይ አቆምኩ። እሳቸው ዞር ዞር ብለው አዩ፣ በአውራ ጣታቸው ጉንጩን ተጫኑ፣ ቀና አሉ።

«ኧረግ! ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋህ?»

«ምነው መሪጌታ? ግድግዳ ይወጣል እኮ!»

«ግድግዳ ምን ልትሠራ ትወጣለህ? ይሄ ለሃያ ቶን የተሠራ ነው። የአንተ መኪና ከነጭነቷ ሩቡን አትመዝንም። ክብደት ሲያጣ አይለመጥም፤ ካልተለመጠ ይዘላል። ስድስት እንቢተኛ ሰብስበህ መጣህ።»

ሹፌሮቹ ሳቁ። እኔ ጋቢናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አቧራ አልብሻቸው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በደጃቸው ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። በወሩ የእስቴ ሸክላ ሠሪዎች እንስራ ወደ ወገዳ ገበያ አስጫኑኝ። በጭድ ተጠቅጥቆ፣ ታስሮ ነበር። ወገዳ ስደርስ ግማሹ ገል ሆኗል። እዚያች ከተማ ውስጥ ስሜ «እንስራ ሰባሪው» ሆኖ ቀረ፤ ልጆች ሳይቀሩ ይጠሩኝ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ሄጄ ጥፋቴን አላመንኩም።

ነገሩ የተገለበጠው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ዝናቡ መንገዱን ቦርቡሮ በሄደበት በጥቅምት ነው። ወገዳ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ንግሥ ነበር፤ ማኅሌቱን እንዲመሩ የኔታ ክንፈ ከቤተ ልሔም ተጋብዘው መጡ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ዓይናቸውም ደክሞ ሰው አይለይም። መሪጌታ ይትባረክ መምህራቸውን ላለማስቀየም በበዓሉ ቤታቸውን ዘግተው ዋሉ። በማግስቱ ጠዋት የኔታ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲነሡ፣ በቅሎዋ ደንብራ ድንጋይ ላይ ጣለቻቸው።

በቃሬዛ ወገዳ ጤና ጣቢያ ሲያመጧቸው እኔ ጨው አራግፌ ባዶዬን ወደ መካነ ኢየሱስ ልመለስ ነበር። ሰው ሲሮጥ አይቼ ተከተልኩ። ጤና መኮንኗ ትርንጎ የኔታን በሳንቃ ላይ አስተኝታ ጠፍራ አስራቸዋለች።

«ስፓይናቸው ተጎድቷል፤ የጀርባ አጥንታቸው ማለቴ ነው» አለች ለካህናቱ። «አሁን እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ደብረ ታቦር መድረስ አለባቸው። መንገድ ላይ ክፉኛ ከተንገጫገጩ ግን አጥንቱ ይንሸራተትና ሁለተኛ ላይቆሙ ይችላሉ።»

የዜማ መምህር ቆሞ ነው የሚኖረው። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፎ ይቆማል፣ ያሸበሽባል። የኔታ ሳንቃው ላይ ሆነው፣ «ካልቆምኩስ ምን ቀረኝ?» ሲሉ ሁላችንም ሰማን። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል፤ ከሰዓት በፊት አይመለስም። ደረቴን ነፋሁና «እኔ አለሁ! መኪናዬ ዝግጁ ናት» አልኩ።

ትርንጎ በመስኮት አየቻት። «ይህቺ እንስራ የሰበረችዋ አይደለችም እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ወጣሁና መኪናዬን አስነሥቼ መሪጌታ ደጃፍ አቆምኩ።

«መሪጌታ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ስለ እኔ ብለው ሳይሆን ስለ ታማሚው ይርዱኝ። ጀርባቸው የተጎዳ ሰው ደብረ ታቦር ማድረስ አለብኝ።»

«ማን ናቸው?»

«የኔታ ክንፈ።»

ጨርቁን አንሥተው እጃቸውን ጠረጉ። ረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ፣ «ስድስቱንም አውልቅ» አሉ።

ለአንድ የእህል ነጋዴ መርጠው ያስቀመጧቸው ስድስት እሺ ባይ ጎማዎች ነበሯቸው። ደውለው አስፈቀዱ፤ ሰውዬውም የኔታን ስም ሲሰማ «ይውሰዱት» አለ። ክሪክ ገባ፣ ቡሎን ተፈታ፣ ቀሚሳቸውን የሰበሰቡ ዲያቆናት ጎማ አንከባለሉ። መሪጌታ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየሄዱ ነፉ፣ አመድ ነሰነሱ፣ «ንዳ! ቁም!» አሉኝ፣ ዱካውን ለኩ፣ ትንሽ አስተነፈሱ፣ እንደገና ለኩ። እኔ እየተቁነጠነጥኩ «ኧረ ይበቃል መሪጌታ!» ስላቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ስንመለስ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። እኛ አገር የተከበረ ሰው ታሞ ብቻውን አይሄድም። የደብሩ ቄሶች፣ ዲያቆናት፣ ቃሬዛውን ተሸክመው የመጡ ገበሬዎች ሁሉ ነጠላቸውን አደግድገው መኪናዬ ላይ ይወጣሉ። እኔ በሽተኛ የጫነ መኪና ቀላል መሆን አለበት ብዬ ነው የማምነው። «ውረዱ! ሠርግ መሰላችሁ? ውረዱ ብያለሁ!» እያልኩ የአንዱን ሽማግሌ ጋቢ ያዝኩ።

መሪጌታ እጄን መነጨቁት። «ተው አንተ! ባዶ መኪና እኮ ነው የሚዘለው። ከሥር ያለውን ባሌስትራ የሚያለዝበው ክብደት ነው። ይውጡ! ንፋሱን ስለካው አስቤያቸዋለሁ።»

ለካ እነዚያ ሰዎች ሳይጠሩ እንደሚመጡ አስቀድመው አውቀው፣ የኋላውን ጎማ የነፉት በእነሱ ክብደት ልክ ኖሯል። እንደ ጆንያ እየለዩ ራሳቸው አስቀመጧቸው። ወፍራም ወፍራሙን ከኋላው ጎማ በላይ፣ ቀጫጭኑን ወደ ፊት። «ማንም እንዳይቆም። ማንም ቦታ እንዳይቀይር» አሉ። ለየኔታ ከጋቢናው ጀርባ፣ መናጡ የማይበረታበትን ቦታ መረጡ። እዚያ አራት ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ለስለስ አድርገው ነፍተው ዘረጉ፤ ከነሳንቃው በላዩ አስተኟቸው፤ ዳርና ዳሩን በገመድ ወጥረው አሰሩ። እሳቸውም አጠገባቸው ተንበረከኩና አንድ እጃቸውን ካላማዳሪው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ስሜን እንዳትጠራ። እኔ መሆኔን ካወቁ ይረበሻሉ። የጋቢናውን ጣሪያ አንዴ ከመታሁ ቀስ በል፣ ሁለቴ ከመታሁ ቁም» አሉኝ።

ሄድን። ያንን መንገድ በየሳምንቱ እነዳዋለሁ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በስም አውቀዋለሁ ብል አልዋሸሁም። ያን ቀን ግን ድንጋዮቹ ከመንገዱ የተገፈፉ መሰለኝ። ጎማው ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ጉንጩ ሸብረክ ይላል፣ ይወርዳል፤ መሪዬ ዝም እንዳለ ነው። ከኋላዬ ያለው የጋቢናው መስታወት ከረገፈ ስለቆየ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ጸሎት ነበር፣ የትርንጎ «እግርዎን ያንቀሳቅሱልኝ፣ አባቴ» የሚል ድምፅ ነበር። የመሪጌታ ድምፅ ግን አልነበረም። ጣሪያውን ብቻ ይመታሉ።

ወደ አንዱ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ የኔታ ሕመሙ በረታባቸው። ሕመማቸውን ለመርሳት ይመስለኛል፣ ዜማ ጀመሩ። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸውና ተቆረጠ። እኔም መኪናዋን በፍሬን ያዝኩ። ያኔ አንድ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከተቆረጠበት አንሥቶ ቀጠለው፤ እስከ መጨረሻው አደረሰው። መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ተንጠልጥሎ ሲቀር ዝም ማለት አልቻሉም።

«ማነው ይሄ?» አሉ የኔታ።

የኔታ ራሳቸው ቀጠሉ።

«ይህችን ቦታ እንዲህ አድርጎ የሚያወጣት እኔ ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ይትባረክ ነህ?»

«ነኝ፣ የኔታ።»

ፍሬኑን አጥብቄ ረገጥኩ። የኔታ ቢቆጡ፣ ሊነሡ ቢሞክሩ፣ ያ ሁሉ ድካማችን ገደል ገባ ማለት ነው።

«ምን ላይ ነው ያስተኛኸኝ?»

«ጎማ ላይ ነው፣ የኔታ።»

«በምን ነፋኸው?»

«በአራራይ ነው፣ የኔታ። ይቅር ይበሉኝ።»

ፍሬኑን ለቀቅ አድርጌ ትልቁን ድንጋይ ወጣሁት፣ ወረድኩት። መኪናዋ እሺ ብላ ዘንበል አለች፣ እሺ ብላ ተቃናች። ከኋላ የኔታ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይመቻል» አሉ።

መሪጌታ ሲያለቅሱ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ግን በደንብ ነው የነዳሁት፣ ይህን ማንም አይነጥቀኝም።

ደብረ ታቦር ሐኪሙ አይቶ አጥንቱ ከቦታው እንዳልተንሸራተተ ነገረን። የኔታ ወራት ተኝተው፣ በኋላ በመቋሚያ ቆሙ። ደብሩ ድረስ መኪና ስለማይወጣና በቅሎ መቀመጥ ስለተከለከሉ ወደ ቤተ ልሔም አልተመለሱም፤ ያችው የወገዳዋ የገጠር ደብር ተቀብላቸው ዜማቸውን እዚያ ማስተማር ቀጠሉ። የመሪጌታንም ሥራ ከፍ አድርገው ሲያመሰግኑ ሰምቻቸው አላውቅም። ግን መኪና በመጣላቸው ቁጥር ከመሳፈራቸው በፊት «ይትባረክ አይቶታል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አላየውም ከተባሉ በእግራቸው ይሄዳሉ።

የእኔን ስድስት እንቢተኞች መሪጌታ ለአንድ የድንጋይ ጫኝ መኪና አስማሙልኝ። እዚያ ክብደታቸውን አግኝተው ጨዋ ሆኑ። «ጎማው ጥፋት አልነበረበትም፤ ያለ ቦታው ወስደኸው ነው» አሉኝ። በኋላ ለእኔ የመረጡልኝ እሺ ባዮች ዛሬም መኪናዬ እግር ላይ ናቸው፤ ጥርሳቸው እያለቀ ነው። እንግዲህ የሚተኩትን ብቻዬን ልመርጥ ነው፤ አልፈራም፣ ጉንጭ ማየት አስተምረውኛል።

ማረፋቸው በተነገረኝ ማግስት ለቀብሩ ከመካነ ኢየሱስ ሠላሳ ያህል ሰው ጫንኩ። ከመነሣቴ በፊት አመድ ነስንሼ ለካሁ፤ ወፍራም ወፍራሙን ወደ ኋላ አስቀመጥኩ፤ አንዳንዱ ተቆጣኝ። መንገድ አጋምሰን ስንሄድ አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ይሄ መንገድ ተሠራ እንዴ?» ስትል ሰማሁ። አልተሠራም ልላት ፈለግሁና ለቀጣዩ ድንጋይ ፍጥነቴን ቀነስኩ።

ወገዳ ስንደርስ ፍትሐቱ ተጀምሯል። የኔታ ክንፈ ከሬሳው ራስጌ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ረጅም ፍትሐት ነበር፤ ወጣቶቹ ዲያቆናት ሳይቀሩ እግር ይቀያይሩ ነበር። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ዜማውን ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያደረጉ፣ አንድም ቦታ ሳይቆርጡ ተወጡት። ከሰው ቤት በርጩማ ለምኜ ይዤ ተጠጋሁ።

«የኔታ፣ ይቀመጡ እንጂ። ደክመዋል።»

በደካማ ዓይናቸው ወደ ድምፄ ዞሩ።

«የለም ልጄ። ይህን እግር ያቆየልኝ እሱ ነው። ቆሜ ልሸኘው።»

በርጩማውን መሬት ላይ አስቀምጬ አጠገባቸው ቆምኩ።